የይዞታ ደብተር በወሎ፦ ከአምስት ሦስት

አምባገነን ሲወድቅ አገር ይሻላታል ወይ የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ በምርጫ፣ በጋዜጣና በእስረኛ ቁጥር ይካሄዳል። ለጋምቦ ወይም ሀብሩ ያለ ገበሬ ግን ሣጥኑን ከፍቶ የሚያወጣው ማስረጃ አለው፤ በዘውዱም በደርግም ጊዜ ያልነበረ፣ የእሱና የባለቤቱ ፎቶ የተለጠፈበት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። እዚህ የምንመዝነው ይህን ደብተርና ከጀርባው ያለውን የቀበሌና የወረዳ አገልግሎት ነው፤ ከምን ያስጥላል፣ የት ላይ ይከዳል፣ ሲበላሽስ እንዴት ይስተካከላል።

ፍርዱ ከወዲሁ ይታወቅ። ደብተሩ ከወሰንተኛ፣ ከወንድምና ከፈታ ባል በደንብ ያስጥላል። ከመንግሥት ግን ብዙም አያስጥልም። ከአምስት ሦስት ይገባዋል፤ ሦስቱም ነጥብ የመጣው ደርግ በወደቀ ማግስት ሳይሆን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ማን ምን ሰጠ

ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ወረዱ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ለጭሰኛው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ እኩልና ሲሶ መክፈል፣ ባለመሬቱ በፈለገ ቀን መነቀል ቀረለት። ከውድቀት ጋር ወዲያው የመጣ ጥቅም ካለ ይሄ ነው። አዋጁ ግን በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው አሰረ። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተባለ (ወሎ ደጋ ላይ 10 ሄክታር የነበረው ስንቱ ነበርና)፤ ማደላደሉም ዳኝነቱም ቢያንስ በ800 ሄክታር ላይ ለሚቋቋም የገበሬ ማኅበር ተሰጠ።

ያው ማኅበር ጥቂት ቆይቶ ኮታ ሰብሳቢ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቆረጠው፣ ከገበያው ባነሰ ዋጋ እህል ማስረከብ ግዴታ ነበር፤ ምርት ያነሰው ገበሬ ከገበያ በውድ እየገዛ በርካሽ ያስረክብ ነበር። በ1977 ረሃቡ ሲበረታ ጎተራው ባዶ ሆኖ የተገኘው በዝናብ እጦት ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ሰፈራው መጣ፤ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ፣ ከሁሉም የሚበዛው ከወሎ። የሄደው ሰው መሬት ለቀረው ተሰጠ። ይህቺን ነገር ያዟት፣ ኋላ ትመለሳለች።

ለደርግ መውደቅ በሚሰጠው ምስጋና ላይ አንድ እርማት ያስፈልጋል። ኮታው የተነሳውና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየቀዬው የፈረሱት በ1982 ነው፤ ጦሩ ሲሸነፍ፣ የሶቪየት ድጋፍ ሲነጥፍ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው ሲያውጁ። እሳቸው ሀገር ጥለው የወጡት ግንቦት 13 ቀን 1983 ነው። ገበሬው ያን እፎይታ ያገኘው አምባገነኑ ሲወድቅ ሳይሆን ወንበሩ ላይ እያለ አቅም ሲያንሰው ነው። መንግሥት በግድ የሚለቀው ነገር ሲወድቅ ከሚገኘው የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ይህን የክርክሩ ሰዎች ይረሱታል።

ውድቀቱ ወዲያው ያመጣው ሰው ነው። ሰፋሪው ተመለሰ፣ የተበተነው ወታደር ተመለሰ፣ ሁሉም «መሬቴ» አለ። መሬቱ ላይ ግን ሌላ ሰው ሰባት ዓመት አርሶበታል። በወሎ ብዙ ቦታ የመጨረሻው ድልድል የ1983ቱ የሆነውም በዚህ ግርግር ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቱ የነበረና ስሙ የተጻፈለት ዛሬ ከሃምሳ አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደው የአባቱን ሞት ወይም የዓረብ አገር መንገድን ይጠብቃል። በ1989 የአማራ ክልል ሌላ ድልድል ሲያካሂድ፣ በአብዛኛው በጎጃም፣ በሸዋና በጎንደር፣ በደርግ ጊዜ የማኅበር ሥልጣን የነበረው ሰው «ቢሮክራት» ተብሎ ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ሌላው እስከ አሥራ ሁለት ጥማድ ይፈቀድለት ነበር። የወደቀው አምባገነን ሀራሬ ተቀምጦ፣ ቅጣቱን የቀበሌ ጸሐፊው ከፈለ።

በመካከሉ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ደርግ ወደቀ፤ የአዋጅ 31 አጥንት ግን ሕገ መንግሥት ሆኖ ተነሳ። ደብተሩን ስንመዝን ይህን አንርሳ፦ የያዝነው የመጠቀም መብት ነው፣ የባለቤትነት ወረቀት አይደለም።

የመጀመሪያው ደብተር

የአማራ ክልል ምዝገባውን የጀመረው በ1995 ነው። ሙከራው ከተደረገባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዱ ደሴ አጠገብ ያለው ገራዶ ነበር፤ ገንዘቡንም ባለሙያውንም በአብዛኛው የደገፈው የስዊድን የልማት ድርጅት ሲዳ ነው።

ደብተሩን ገልጣችሁ እዩት። መጀመሪያ የባልና የሚስት ፎቶና ስም አለ። ቀጥሎ ማሳዎቹ በየተራ ይመጣሉ፤ የቦታው መጠሪያ፣ ስፋቱ፣ ከዚያ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ገደል፣ በደቡብ መንገድ። ካርታ የለውም። ስፋቱ በገመድ ተለክቷል፣ አንዳንድ ቦታ በዓይን ግምት። ድካሙም እዚሁ ላይ ነው። ወሰንተኛው ሲሞት ደብተሩ ላይ ያለው ስም የማንም አይሆንም፤ መንገዱ ጎርፍ በልቶት ሲዞር «በደቡብ መንገድ» የሚለው ቃል መሬቱን ይዞ ይዞራል። ያም ሆኖ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ በሰው ፊት ወሰን አስይዞ የጻፈው ነገር ስለሆነ በሽምግልናም በፍርድ ቤትም ክብደት አለው። ከምንም ይሻላል የምንለው በንቀት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ማስረጃው የማኅበሩ ሊቀመንበር ትዝታ ነበር።

ሁለተኛው ደብተር፣ ካርታ ያለው

ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ በአየር ፎቶ ይሠራል። መጀመሪያ ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ሴቶች ያሉበት ኮሚቴ ይመርጣል። ከዚያ ባለሙያው የታተመውን ፎቶ ይዞ ማሳ ለማሳ ይዞራል፤ ባለይዞታውና ወሰንተኞቹ ቆመው ወሰኑን ሲያሳዩት ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ ያሰምራል። ጥላና ዛፍ የሸፈነው ቦታ በጂፒኤስ ይለካል። የተሰመረው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ መለያ ቁጥር ያገኛል፣ ዝርዝሩና ካርታው ለሕዝብ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ይታረማል፣ በመጨረሻ ታትሞ ይሰጣል።

ጥሩ ሥራ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ግን ይሰናከላል።

አንደኛው የስፋት ነገር ነው፣ በወሎም ከየትም በላይ የሚያጣላው እሱ ነው። የድሮው ገመድ ዳገቱን ተከትሎ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይለካ ነበር። ካርታ ግን መሬቱን ከላይ፣ ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያየው። ሰላሳ ዲግሪ ያዘነበለ ዳገት ላይ በገመድ 100 ሜትር የሆነ ርዝመት ካርታው ላይ 87 ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለ ማሳ አንድ ሄክታር ከነበረ በካርታው ከ0.87 ሄክታር በታች ሆኖ ይመጣል። አምባሰል ወይም ላስታ ተረተር ላይ ያለ ገበሬ «ግማሽ ጥማድ ሰረቁኝ» ቢል አይፈረድበትም፣ ግን ማንም አልሰረቀውም። ማየት ያለበት ቁጥሩን ሳይሆን መስመሩን ነው፤ ካርታው ላይ ያለው ቅርጽ ወሰን ድንጋዮቹን ተከትሎ ከሄደ መሬቱ ሙሉ ነው። ባለሙያው ይህን በስብሰባው ቀን በአንድ ገመድና በአንድ ዳገት ቢያሳይ የስንት ዓመት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው የሰው አለመኖር ነው። ወሰን በሚሰመርበት ቀን አንዱ ወሰንተኛ ጅዳ ነው፣ ሌላዋ ባቲ ገበያ። የቀረው ያለ ተከራካሪ ያሰምራል። የወል ግጦሽ ዳርም እንዲሁ ነው፤ የማንም ያልሆነ ወሰን ላይ የሚቆም የለምና በየዓመቱ በእርፍ አንድ ፈር እየተገፋ የኖረው ቦታ ካርታ ላይ ሕጋዊ ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛው የሕዝብ ማሳያው ነው። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሰው ስሙን ብቻ አይቶ ይሄዳል። ስሙ ከመታወቂያው ጋር በፊደል ሳይቀር መግጠሙን (መሐመድና ሙሐመድ አንድ ሰው መሆኑን ኮምፒውተሩ አያውቅም)፣ የሚስት ስም መግባቱን፣ የማሳው ብዛት በድሮው ደብተር ካለው ጋር እኩል መሆኑን፣ ራቅ ያለው የቆላ ማሳ አለመዘለሉን ማየት ያስፈልጋል። ያኔ በአንድ ቃል የሚታረመው ነገር ከታተመ በኋላ ማመልከቻ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ምስክርና ምልልስ ይጠይቃል።

የት ላይ ይሠራል

ለሴቶች። ለዚህ ብቻ ከአምስት አራት እንሰጣለን። ስሟና ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ያለች ሴት ስትፈታ በባዶ እጇ ወደ አባቷ ቤት አትመለስም፤ ባሏ ሲሞትም የባሏ ወንድም መጥቶ «የዘመዴ መሬት» የሚልበት መንገድ ጠቧል። ባል ብቻውን ማከራየት ወይም ማውረስ ሲፈልግ ወረዳው የእሷን ፈቃድ ይጠይቃል። አንዱን ነጥብ የቀነስነው ስለ ሁለተኛ ሚስት ነው። ሁለት ቤት ባለበት ቀዬ የመጀመሪያዋ ከባልየው ጋር ተመዝግባ ሁለተኛዋ የምትዘለልበት ጊዜ ብዙ ነው። ኒካህ አለኝ ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ የምታርሰው ማሳ በማን ስም እንደገባ ዝርዝሩ ላይ ማየት አለባት።

ለየእኩል ሰጪዎችም ይሠራል፣ ጥንቃቄ ካለ። አቅም ያነሳት ባልቴት መሬቷን ለአራሽ በእኩል ትሰጣለች፣ ውሉ በቃል ነው። አራሹ ለደግነት ብሎ ግብሯን ይከፍልላታል፣ ደረሰኙ በእሱ ስም ይቆረጣል። ዓመታት ሲያልፉ ያ ደረሰኝ «እኔ ነኝ ባለይዞታው» የሚል ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማንም ይክፈል ማን ደረሰኙ በባለደብተሩ ስም ይቆረጥ፤ ውሉ ከአንድ መኸር የሚያልፍ ከሆነ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳ ይመዝገብ።

ብድር ላይ ገና ነው። ካርታ ያለው ደብተር የያዘ ገበሬ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር ይችላል፤ የድሮው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በዚህ መንገድ አበድሯል፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ይፈቅዳል። አበዳሪው ግን መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን ማስመለስ ስለማይችል የሚያሰላው ማሳው በየዓመቱ የሚሰጠውን ነው። ሁለት ጥማድ ገብስ የሚያበቅል ደጋ ላይ ይህ ብድር በሬ ይገዛል፣ ሞተር ፓምፕ ላይገዛ ይችላል። ቆቦ ሜዳ ላይ መስኖ ላለው ነገሩ ሌላ ነው።

የት ላይ ይከዳል

ውርስ ላይ ይከዳል። አባት ሲሞት ደብተሩ በስሙ እንዳለ ይቀመጣል፤ ልጆቹ በቃል ተካፍለው ያርሳሉ። ወረዳው መዝገብ ላይ ሟቹ ገና በሕይወት አለ። መንገዱ አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም፦ ከወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የሟች ደብተር፣ የወራሾች መታወቂያ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ስም ማዞር ነው። የሚያስቸግረው የመሬቱ ትንሽነት ነው። ሕጉ ማሳ ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይሸነሸን ይከለክላል፤ አራት ወንድማማቾች ሦስት ጥማድ ሲወርሱ በጋራ ያዙ ይባላሉ። እነሱ ደግሞ በገመድ ይካፈላሉ፣ ሳያስመዘግቡ። ያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ካርታ እርጅና ይጀምራል።

ትልቁ ክዳት ግን ቀደም ብለን ያልነው ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለበት አገር ነው፤ ንጉሡም፣ ሊቀመንበሩም፣ የኋለኞቹም ወርደዋል፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ይፈለጋል ብሎ የሚወስነው ወንበር ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ ሲሰፋ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመጣ ደብተር ያለው ገበሬም ይነሳል። ደብተሩ የሚያገለግለው ካሳ ሲሰላ ነው። እዚህ ላይ እውነተኛ መሻሻል አለ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል። በጥሩ ዓመቱ 40 ሺህ ብር ያስገባ ማሳ 600 ሺህ ብር ማለት ነው። ስሌቱ ሲቀርብላችሁ ስፋቱ ከካርታው ጋር መግጠሙን፣ ዋጋው የየትኛው ዓመት ገበያ መሆኑን፣ ጭድና አገዳው መቆጠሩን፣ ባሕር ዛፉና እርከኑ ለብቻ መገመቱን ጠይቁ። የተነሺነት ደብዳቤ የደረሳችሁን ቀን ደብዳቤው ላይ ጻፉበት፤ የቅሬታ ጊዜ ከዚያ ይቆጠራል። ስለ ካሳው መጠን መክሰስ ይቻላል። አልነሳም ብሎ ያሸነፈ ግን ብርቅ ነው።

ከ2010 ወዲህ

ሦስተኛው የሥልጣን ለውጥ የመጣው ለዚህ አገልግሎት ጥሩ ተስፋ በነበረበት ሰዓት ነው፤ መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 መጀመሪያ ሰሜንና ደቡብ ወሎ በአብዛኛው የጦር ሜዳ ሆነው ደሴና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሌላ ኃይል እጅ ቆዩ። በየወረዳው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተዘረፈ፤ ኮምፒውተሩ ሄደ፣ መዝገቡ የተቃጠለበት ቦታ አለ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት ባለሙያ ወደ ቀበሌ መውረድ የሚቸገርበት ቦታ ብዙ ነው። ስም ማዞር፣ ውል ማስመዝገብ፣ ወሰን ማስለካት እዚያ ቆሟል ማለት ይቻላል። ከአምስት አራት ሊሆን የሚችለውን አገልግሎት ሦስት ላይ ያስቀረነው ለዚህም ጭምር ነው። ደርግ ሲወድቅ የጠፋ መዝገብ አልነበረም፣ መዝገብ አልነበረማ።

ደብተር የጠፋበት ወይም የተቃጠለበት ሰው መጀመሪያ ለቀበሌው አመልክቶ የኮሚቴውንና የወሰንተኞቹን ምስክርነት በጽሑፍ ይያዝ፤ ከዚያ ወረዳ ሄዶ ቀሪው መዝገብ ይታይልኝ ይበል። ወረዳው ዘንድ ከተረፈ ምትክ ይወጣል። የወረዳውም ከጠፋ ካርታው ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ተልኮ እንደነበረ ያስጠይቅ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ማሳ በመለያ ቁጥሩ ይገኛል። ስለዚህ ደብተሩ በእጁ ያለ ሰው ዛሬውኑ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሳ፣ የመለያ ቁጥሩ በግልጽ መነበቡን ይይ፣ ፎቶውንም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ። የግብር ደረሰኞቹንም አብሮ። ለማስወጣት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ደረሰኝ ይቁረጥ፤ ደረሰኝ የማይቆርጥ ከሆነ የጠየቀበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ።